«ትንሽ ታገሺ» ስንት ሴሚስተር ነው?

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ማስተርስሽን ይዘሽ ሦስት ዓመት በሁለት ዩኒቨርሲቲዎች በትርፍ ሰዓት እያስተማርሽ ነው። አሁን የሙሉ ጊዜ የቢሮ ሥራ መጥቶልሻል። የዲፓርትመንት ኃላፊሽ ግን «ትንሽ ታገሺ፣ ቅጥር ይወጣል» ይሉሻል። አባትሽም «የዩኒቨርሲቲ መምህርነት ተትቶ?» ብለዋል።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በ16 ሳምንት 48 ሰዓት ነው። የሚከፈልሽ ለዚያ ብቻ ነው። ለአንድ ሰዓት ትምህርት ሁለት ሰዓት ብትዘጋጂ 96 ሰዓት። የ60 ተማሪ ሚድ፣ አሳይመንትና ፋይናል፣ አንዱን ወረቀት በ15 ደቂቃ ብታርሚ ሌላ 45። ድምሩ 189። ከአራት ሰዓት ሥራሽ የሚከፈልሽ ለአንዱ ነው። ከግቢ ግቢ የምትሮጪበት፣ ቢሮ ስለሌለሽ ደረጃ ላይ ቆመሽ ተማሪ የምታናግሪበት ገና አልተቆጠረም። ተመዝጋቢ ካነሰ ደግሞ ኮርሱ ይሰረዛል፤ ዝግጅትሽ ሜዳ ላይ ይቀራል።

«ትንሽ ታገሺ»ን እኔም ስድስት ዓመት ሰምቻታለሁ። የኔ ኃላፊ ውሸታም አልነበሩም፤ ደግ ሰው ነበሩ። ሴክሽን መስጠት ይችላሉ፣ መደብ መፍቀድ ግን አይችሉም። ደሞስ እኔ ኮርሱን በርካሽ እየሸፈንኩላቸው ማን ይቸኩላል? ቅጥሩ የወጣ ዕለት ፒኤችዲ ተጠየቀ። በፌስታል ይዤው የምዞረውን የፈተና ወረቀት አስረክቤ ወጣሁ።

ስለዚህ ኃላፊሽን ጠይቂያቸው። መደቡ ተፈቅዷል? ማስተርስ ይበቃል? በጽሑፍ የሚያሳዩሽ ነገር ከሌለ አትጠብቂ።

የአባትሽ ኩራት ይገባኛል። ግን በዕረፍቱ ወራት ከታናሽ ወንድምሽ እንደምትበደሪ ያውቃሉ? ካላወቁ ምክራቸው በግማሽ ወሬ ላይ የቆመ ነው። ንገሪያቸው።

ፒኤችዲ? ወጪውን የሚሸፍንልሽ ከተገኘ ብቻ። ሲቪሽ ላይ «መምህርት» ብለሽ አትለፊ፤ ያስተማርሻቸውን ኮርሶች በስም ጻፊ።

ማስተማር እንደምትወጂ አምናለሁ። የቢሮውን ሥራ ያዢና ማታ አንድ ኮርስ ብቻ አስተምሪ። እኔም ዛሬ የምኖረው እንደዚያ ስለሆነ ወደ ራሴ መንገድ እየጎተትኩሽ ይሆናል፤ ይህንንም ቁጠሪው። ከመፈረምሽ በፊት ግን አዲሱ ውልሽ ተጨማሪ ሥራ ይከለክል እንደሆነ አንብቢ። የጀመርሽውን ሴሚስተርም ግሬድ ሳታስገቢ እንዳትወጪ።