ጣዕም የለውም ብላችሁ አትጣሉት

ባሕር ዳር ዝርያ ማሻሻል የምታጠና አንዲት ልጅ ሰሞኑን ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ አጠውልግ የሚባለውን በሽታ የሚቋቋም ሀብሀብ አለኝ። ሥጋው ግን ነጭ ነው፣ አይጣፍጥም። ልጣለው?» አለችኝ። የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰችብኝ።

ወጣት ሳለሁ ከፍኖተ ሰላም ወረድ ብሎ፣ ብር ወንዝ ዳር፣ አንድ ገበሬ ሀብሀብ ዘርቶ ነበር። ጠዋት ደህና የነበረው ሐረግ ቀትር ላይ ይዝላል፣ ማታ ያንሰራራል። እንዲህ እያለ አንድ ቀን ሳይነሳ ይቀራል። አንዳንዱ ባንድ ወገኑ ብቻ ይደርቃል። ሰውየው ውኃ የጠማው መስሎት ሞተሩን ያስነሳል። ግንዱን ከሥሩ ከፍ ብዬ በምላጭ ሰነጠቅሁት። ውኃ የሚያልፍበት ጅማት ቡናማ ሆኗል። ፉዛሪየም የሚባለው ፈንገስ ነው። አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ በሥር ገብቶ የውኃውን መንገድ ይዘጋል። ታዲያ ቢያጠጡት ምን ዋጋ አለው? (ያን ሰሞን በርበሬውም ይጠወልግ ስለነበር «ከሀብሀቡ ተጋባበት» ይሉ ነበር። የሀብሀቡ ፉዛሪየም ግን በርበሬን አይነካም።)

ከዚያ ሁሉ መሀል አንዲት ሐረግ ለምለም ናት። «አንተ ልጅ፣ ይቺ ደግሞ ምን በልታ ነው?» አለኝ ገበሬው። ፍሬዋን ስንከፍተው ሥጋው ነጭ፣ እንደ ጥሬ ዱባ የጠነከረ። አንዱን ይዤ ቢሮ ገባሁ። ኃላፊያችን «ይሄን ማን ይበላዋል?» አለ። ፍሬው ለዘበኛው በጎች ሆነ፣ ዘሩም አብሮ ሄደ። ምናልባት በሽታው ሳያገኛት ቀርቶ ይሆናል። ይህን ለማወቅ የታመመ አፈር ላይ፣ ከሚጠቃ ዝርያ ጎን መልሶ መዝራት ነበረበት። ማን ይዝራ?

ኋላ ስለ ዊልያም ኦርተን ሳነብ ይበልጥ ተናደድሁ። አሜሪካዊው ተመራማሪ ለጥሬ የማይሆን ጠንካራ ሀብሀብ «ኤደን» ከሚባለው ጣፋጭ ጋር አዳቅሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1911 «ኮንከረር»ን አወጣ። ጣዕሙ ደካማ ስለነበር ገበያ አልያዘም። በሽታውን በዘር መቋቋም እንደሚቻል ግን አሳየ።

የዛሬ ልጆች ዘረመሉን በኮምፒውተር ታነባላችሁ፣ ጫማችሁ ጭቃ እንዳይነካው ግን ትፈራላችሁ። እውነቱን ለመናገር ልጅቷ ፎቶውን የላከችልኝ ማሳ ውስጥ ቆማ ነው።

ደግሞ «ይቋቋማል» ስትሉ የቱን? ፈንገሱ ራሱ በየዓይነቱ ነው፤ ሬስ 0፣ 1፣ 2፣ 3 እየተባለ ይለያል። «ካልሁን ግሬይ» የሚባለው የሀብሀብ ዝርያ በአንድ ጂን ሬስ 1ን ይመክታል፣ ሬስ 2 ሲመጣበት ይጠወልጋል። ሬስ 2ን የሚቋቋም የተገኘው ከነዚያው ከማይጣፍጡት የዱር ዘመዶቹ ነው። ከጣፋጩ ጋር ደጋግሞ ማዳቀል፣ በየትውልዱም መፈተን ይጠይቃል። ረጅም ሥራ ነው።

እስከዚያው ገበሬው ምን ይብላ? የሀብሀቡን ችግኝ የቅል ሥር ላይ ማጣበቅ አለ፤ የሀብሀቡ ፉዛሪየም የቅልን ሥር አያጠቃምና። ጃፓኖች ከጀመሩት ወደ መቶ ዓመት ሆኖታል። ድሮ «ይሄማ አቋራጭ ነው» እያልሁ እንቀው ነበር። አሁን ግን እደግፈዋለሁ፤ ቅል እንደሆነ ጎጃም ውስጥ በየአጥሩ ነው። ብቻ ካጣበቃችሁበት በታች የሚያቆጠቁጠውን ቶሎ ቶሎ ቁረጡት። አለዚያ ሀብሀብ ብላችሁ ቅል ነው የምታመርቱት።