ይሄ ክራር ይሠራል?

ባለፈው ወር የጎረቤቴ ልጅ ቡና ልትጠራኝ መጣች። ፋርማሲ የምትማር ልጅ ናት። በሩ ላይ እንደቆመች ግድግዳዬን አየችና፣ «ጋሼ፣ ይሄ ክራር ይሠራል ወይስ ለጌጥ ነው?» አለችኝ።

«ለጌጥ ነው» አልኳት።

ቡናው ላይ እሷም ክራር መማር እንደምትፈልግ ነገረችን። «ካልቻልኩ ሰው ይስቅብኛል» እያለች ሁለት ዓመት አቆይታዋለች። በረካውን ሳልጠጣ ተነስቼ ቤቴ ገባሁ። እንዲህ ዓይነት ነውር ሠርቼ አላውቅም።

ለ38 ዓመት ሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ፤ እዚሁ አዳማ። ክራሩን የገዛሁት ሥራ በያዝኩ በዓመቱ፣ በ1974 ዓ.ም. ነው። ያኔ ከተማዋን ናዝሬት ነበር የምንላት። በሬዲዮ ካሳ ተሰማን እሰማለሁ፣ አስናቀች ወርቁን እሰማለሁ። ከዚያ ክራሬን አንስቼ የራሴን እሰማለሁ። ወዲያው መልሼ እሰቅለዋለሁ።

ደህና የተለማመድኩት በክረምቱ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ማንም አይሰማኝማ። ዝናብ በሌለበት ማታ ክሮቹ ስር ጨርቅ እወትፋለሁ። ክራር የሞከረ ያውቀዋል፤ ስትገርፉት የማትፈልጉትን ክር በግራ እጃችሁ ጣቶች ታፍናላችሁ፣ የምትፈልጉትን ትለቃላችሁ። ጀማሪ የሚቸገረው ማፈኑ ላይ ነው። እኔ ማፈኑን ጎበዝ ነበርኩ።

አንድ ቀን የቀበሌያችን የኪነት ኃላፊ መዋጮ ሊሰበስብ ቤቴ መጣ። ክራሩን አየ። «ለመስከረም 2 የአብዮት በዓል ትዝታ ትጫወትልናለህ» ብሎ ስሜን መዘገበ። እኔም እሺ አልኩ። እሺ ማለት ብቻ ቢሆን ጥሩ። ወንጂ ሄጄ ለእናቴም ጉራዬን ነዛሁ።

መስከረም ጠባ። ዝናቡም አቆመ፤ መደበቂያዬ ሄደ። በዓሉ ሊሆን ዋዜማ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ሲነጋ ጂቪ፣ ያንን ሐምራዊ የቁስል መድኃኒት፣ ገዛሁ። የቀኝ እጄን ሌባ ጣት ቀባሁት፣ በፋሻ ጠቀለልኩት። ኃላፊውን «ቢላ ቆረጠኝ» አልኩት። አዘነልኝ። ክራሬን ግን ይዞት ሄደ።

እናቴ ከወንጂ ካምፕ በአውቶቡስ መጣች። ቅርብ ነው፣ 10 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ እሷ ግን ሩቅ አገር እንደሚሄድ ሰው ነጭ ለብሳ፣ ቆሎ በመሀረብ ቋጥራ ነው የመጣችው። ፋሻውን ስታይ «ውይ ልጄን!» አለች። አዳራሹ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

ክራሬን ይዞ የወጣው አንድ ጋሪ ነጂ ልጅ ነው። ያኔ ናዝሬት ያለ ጋሪ አትታሰብም ነበር። ፈረሶቹ መንገዱን ከነጂዎቹ በላይ ያውቁታል። ዛሬ በባጃጅ ተተኩ፤ ባጃጁ ደግሞ መንገዱንም ሰውንም አያውቅም። እና ልጁ ጀመረ። ግማሽ ላይ ሳይደርስ አንዱ ክር ላላ፤ ዜማው ተበላሸ። እኔ ብሆን መድረኩ ላይ የምሞት ይመስለኝ ነበር። እሱ ሳቀ። «አንዴ ጠብቁኝ» አለና እዚያው ተቀምጦ ክሩን አጥብቆ፣ ሞካክሮ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ሰዉም አብሮት ሳቀ። ሲጨርስ አጨበጨቡለት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከእኔ አይሻልም ነበር። በግድግዳዬና በጨርቄ መሐል የተጫወትኩት ከእሱ ይሻል ነበር።

እናቴ ግን የሰማችው የእሱን ነው። በልጇ ክራር።

ማታ ቤት ስንገባ ውሃ አሙቃ ቁስሉን ልጠብ አለች። እምቢ ብልም አልሰማችኝም። ፋሻውን ፈታች። ጣቴ በጂቪ ጠቁሯል፤ ቆዳው ግን ምንም አልሆነ። ትንሽ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እንደነበረው አድርጋ መልሳ ጠቀለለችው። «ይድናል» አለችኝ። በ1989 ዓ.ም. እስክታርፍ ድረስ አንድም ቀን አላነሳችውም። ተጫወትልኝ ብላም አልጠየቀችኝ።

እንግዲህ ምክር ከተባለ፣ ተለማመዱ፣ ታገሡ ምናምን የሚለውን ታውቁታላችሁ፤ አልደግመውም። የዛሬ ልጆች ግን ትገርሙኛላችሁ። ገና በሁለተኛው ቀን ቲክቶክ ላይ ትለጥፋላችሁ፤ አንዱ ሲስቅባችሁ በሦስተኛው ቀን ክራሩ ይሸጣል። ትንሽ ተደብቃችሁ ብትሠሩ ምናለ? ልላችሁ የነበረው ይህንን ነው። ግን እኔ ተደብቄ ሠርቼ የት ደረስኩ? እንኳን ለጠፋችሁ። ለማያውቃችሁ ሺህ ሰው ከመለጠፋችሁ በፊት ግን ለአንድ ለሚወዳችሁ ሰው ተጫወቱለት። እሱ ነው የሚከብደው።

በሂሳብ መዝገብ ላይ ስህተት አይፋቅም። በላዩ አንድ መስመር ይሰመርበታል፣ ትክክለኛው ከላይ ይጻፋል፣ የሠራው ሰው ይፈርምበታል። የተሳሳተው ቁጥር ከስሩ እየታየ ይኖራል። ስንቱን ወጣት ሠራተኛ «አትፍቅ፣ ሰርዝና ፈርም» እያልኩ አሠልጥኛለሁ።

ፍርሃቱ ከጊዜ ጋር ይለቃል የሚሏችሁ ሰዎች አሉ። እኔ 67 ዓመቴ ነው፤ አልለቀቀኝም። ምናልባት ስላልነካሁት ይሆናል።

በማግስቱ ልጅቷን ጠራኋትና «ይሠራል» አልኳት። አዲስ ክር ከገበያ ገዝታ መጣች። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። በስልኳ ነው የምትቃኘው። እኔ በጆሮዬ ልክ ነው ያልኩትን ክር ስልኩ ቀይ ያበራበታል። «ጋሼ፣ ስልኩ ትንሽ ወርዷል ይላል» ትለኛለች። «ስልኩ የማንን ትዝታ ሰምቶ ያውቃል?» እላታለሁ። እንከራከራለን። በመጨረሻ በእኔ ጆሮ እንስማማለን፤ ስልኩን ስለምትሸፍነው።

ትሳሳታለች። ስትሳሳት ጮክ ብላ ትስቃለች፤ መስኮቱም ክፍት ነው። እስካሁን የማሳያት በአፌ ነበር፤ «ይቺን ልቀቂ፣ ያቺን አፍኚ» እያልኩ። ባለፈው ቅዳሜ ክራሩን ዘረጋችልኝና «ጋሼ፣ ዛሬ እርስዎ ይጫወቱልኝ» አለች።

«ጣቴን አሞኛል» አልኳት። ዘንድሮስ እውነቴን ነው፤ ቁርጥማት አለብኝ።

ክራሩን ጭኔ ላይ አስቀመጠችና እጇን ዘረጋች። «እስቲ ያሳዩኝ» አለችኝ።