ጉዳቷን ለፍንጭ ተጠቀሚበት

እህቴ፣ «ጅማ ላይ የግድያ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው፤ ጉልበቷ ተጎድቶ ሩጫ ያቆመች ልጅ እንዴት መርማሪ ትሁን?» ብለሽ ጠይቀሻል። ጉዳቷን ለማሳዘኛ ብቻ አታድርጊው። ሯጭ የሰው አረማመድ ያነባል። ክረምት ነው እንበል፤ ከጅሬን ወደ ከተማ ቁልቁል የሚወርደው አቋራጭ ጭቃ ነው። በፍጥነት የሮጠ ሰው እርምጃው ይረዝማል፣ ዱካውም በጣቶቹ በኩል ይጠልቃል። የሚያነክስ ሰው ግን በታመመው እግሩ ላይ ብዙ አይቆምም፤ እርምጃው አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ይሆናል። ራሷ ስለምታነክስ ይህን ቀድማ ብታይ አንባቢ ያምናታል።

በጣም የምወደው ፍንጭ ግን የሬሳ መድረቅ ነው፤ ማለትም የጡንቻዎቹ መገተር። ብዙውን ጊዜ ከሞት በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መንጋጋና አንገት ላይ ይጀምራል። ሟቹ ከመሞቱ በፊት ሲሮጥ ወይም ሲታገል ከነበረ ግን ቶሎ ይደርቃል። ሬሳው ደርቆ ስላገኙት ሁሉም «እኩለ ሌሊት ነው የሞተው» ሲሉ እሷ «አይደለም፣ ሲሮጥ ነበር፤ ንጋት ላይ ነው» ትበል። ገዳዩ ሌሊቱን ቡና መጋዘን ነበርኩ ብሎ ምስክር ቆጥሮ ከሆነ አለቀለት።

ፖሊሱን ግን ጅል አታድርጊው፣ እባክሽ። አስከሬኑን ለምርመራ የሚልከው እሱ ነው። እሷ ጎረቤት ቡና ተጠርታ ወሬ ትልቀም፤ በረካ እስኪደርስ ሟቹን መጨረሻ ያየው ማን እንደሆነ ትሰማለች።