ማማው ነው ወይስ ስልኩ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከጎንደር፣ አዘዞ ነው። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ከሰፈራችን ማዶ የሞባይል ማማ አለ። ቤታችን የድንጋይ ስለሆነ ግን ውስጥ ኔትወርክ እንቢ ይላል። ባለቤቴ ሥራው ሩቅ አገር ስለሆነ ማታ ማታ ረጅም ሰዓት እናወራለን፤ ስልኩ ጆሮዬን ያግለዋል። ሰሞኑን ራሴን ያመኛል። ጎረቤቶቼ «ማማው ነው፣ ለፅንሱም አይሆንም» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ማማው ይቆየን፤ ራስ ምታቱን እናስቀድም። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሚመጣ ራስ ምታት የደም ግፊት ምልክት ሊሆን ይችላል። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሄደው ግፊትዎን ይለኩ፣ ሽንትዎንም ይመርመሩ። 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ሊያይዎ ይገባል። ዓይንዎ ብዥ ካለ፣ ፊትና እጅዎ ካበጠ፣ ወይም የላይኛው ሆድዎን ካመመዎ እስኪነጋ አይጠብቁ፤ በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይሂዱ። አይቡፕሮፌን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰዱ። «ማማው ነው» የሚለው ወሬ የሚያስፈራኝ እናቶችን ከምርመራ ስለሚያስቀር ነው።

ማማም ሆነ ስልክ የሚሠራው በሬዲዮ ሞገድ ነው። ይህ ሞገድ እንደ ኤክስሬይ ጨረር ዘረመልን የመስበር ጉልበት የለውም። በደንብ የሚታወቀው ውጤቱ ማሞቅ ነው፤ የደህንነት ገደቦች የወጡትም ከዚህ ተነሥተው ነው። ከማማው ሲርቁ ሞገዱ ቶሎ ይደክማል፦ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። እርስዎ ጋ የሚደርሰው ከገደቡ እጅግ ያነሰ ነው።

ለሰውነትዎ የሚቀርበው በእጅዎ ያለው ስልክ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይህን ነው፦ ኔትወርክ ሲደክም ስልኩ የሚልከውን ኃይል ይጨምራል። ከማዶ ለማዶ የሚጣራ ሰው ካልተሰማ ድምፁን ከፍ እንደሚያደርገው ማለት ነው። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ሞገዱን ስለሚያግዱ ስልክዎ ቤት ውስጥ ብዙ ይለፋል። ማማው ቢነሣ ደግሞ ይብስበታል።

ካንሰርስ? በ2011 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት የሬዲዮ ሞገድን «ካንሰር ሊያመጡ ይችሉ ይሆናል» ከሚባሉት ምድብ አስገብቶት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ያስጠናውና በ2024 የወጣው ሰፊ የጥናቶች ግምገማ ግን ሞባይል መጠቀምን ከአንጎል ካንሰር ጋር የሚያያይዝ ነገር አላገኘም። ፅንስን እንደሚጎዳም አልተረጋገጠም። እነዚህ ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ያም ሆኖ ኃይሉን መቀነስ ቀላል ነው። በረንዳ ላይ ወይም መስኮት አጠገብ ሆነው ያውሩ። ስፒከር ወይም ኢርፎን ይጠቀሙ፤ ጥቂት ሳንቲሜትር መራቅ እንኳ ብዙ ይቀንሳል። ጆሮዎን የሚያግለው በአብዛኛው የባትሪውና የስልኩ ውስጣዊ ክፍሎች ሙቀት ነው። ቻርጅ ላይ እንዳለ አያውሩበት፤ ባትሪው ካበጠም ያስቀይሩት።