እናትን ይዞ አንድ ቀን አኮ

እህቴ፣ «ሃይፋ ያለችውን እናቴን ይዤ አንድ ቀን አኮ ብሄድ ይሻላል? እንዳይደክማት ፈራሁ» ብለሽ ጠይቀሻል። ሂዱ! አኮ በሰሜን እስራኤል ያለች ጥንታዊ የባሕር ዳር ከተማ ናት፤ እዚያው አካባቢ አሥራ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። እንግዳ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የምወስደው አኮ ነው።

ከሃይፋ በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ቅዳሜ ቀን ግን ባቡር የለም። ከጣቢያው እስከ አሮጌው ከተማ በእግር ሃያ ደቂቃ ያህል ያስኬዳል፤ ለእናትሽ ታክሲ ያዢላት።

እኔም እናቴን ወስጃት ነበር። ጎንደር ነው ያደገችው። መስቀል ጦረኞቹ፣ ማለትም በመካከለኛው ዘመን ከአውሮፓ ለጦርነት የመጡት ክርስቲያኖች፣ የሠሩት አዳራሽ ስንገባ ወፍራሙን የድንጋይ ዓምድ በመዳፏ እየዳበሰች «የፋሲል ግንብን መሰለኝ» አለች። በዕድሜ ግን ይኼኛው ቢያንስ በሦስት መቶ ዓመት ይቀድማል።

አኮን የምወዳት ከተማ በከተማ ላይ ስለተሠራባት ነው። መስቀል ጦረኞቹ በ1291 እ.ኤ.አ. ተሸንፈው ወጡ። ኋላ በኦቶማን ቱርኮች ዘመን አዳራሾቹ በአፈርና በፍርስራሽ ተሞልተው፣ በላያቸው አዲስ ከተማ ተገነባ። ዛሬ ዓሣና ቅመም ከሚሸጥበት ገበያ ወጥተሽ ጥቂት ደረጃ ስትወርጂ የመስቀል ጦረኞቹን ዘመን ታገኚዋለሽ። ከላይ ደግሞ ሰው ይኖርበታል፤ ልብስ ታጥቦ ተሰጥቷል፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ባዶ ሙዚየም አይደለም። ቴምፕላሮች የሚባሉት የመስቀል ጦር መነኮሳት ተዋጊዎች የሠሩት ዋሻም አለ፣ 150 ሜትር ያህል ነው። ጣሪያው ዝቅ የሚልበት ቦታ ስላለ ጎንበስ ማለት ከከበዳት እለፉት።

ዋናው ግን የባሕሩ ግንብ ነው። የፈረንሳዩ ናፖሊዮን በ1799 እ.ኤ.አ. ሁለት ወር ከቦ ሳይዛት የተመለሰው ይህችን ከተማ ነው። የሰፈሩ ወጣቶች ከግንቡ ላይ ወደ ባሕር ይዘላሉ፤ ማዶ ሃይፋና የቀርሜሎስ ተራራ ይታያሉ። እናቴ እዚያ ተቀምጣ ብዙ ዝም አለች። በመሳፍንት መጽሐፍ ምዕራፍ 1 የአሴር ነገድ ነዋሪዎቿን አላስወጣም የተባለላት አኮ ይቺው እንደሆነች ስነግራት፣ ነጠላዋን አስተካክላ «እኔ እዚህ ደረስኩ?» አለች። ያቺን ቀን አልረሳትም።

በመኪና ከሆናችሁ ወደ ሰሜን ቀጥሉ። አክዚብ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ላይ ድንጋዩ ጉድጓድ ጉድጓድ እየሠራ ውኃ ይይዛል፤ እናትሽ እግሯን ነክራ ትቀመጣለች። ከዚያ አልፎ ሮሽ ሃኒቅራ፣ የሊባኖስ ድንበር ላይ፣ ማዕበሉ ነጩን ገደል ቦርቡሮ ዋሻ አድርጎታል። መግቢያው ክፍት መሆኑን ግን አስቀድመሽ ደውለሽ አረጋግጪ።

ማታ ወደ አኮ ግንብ ተመለሱ። ሹራብ ያዢላት፤ ፀሐይ ስትገባ ነፋሱ ይበረታል።