ጎርፉ የወጣው ከእርስዎ ማሳ ነው

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከራያ ቆቦ፣ ከሜዳው ከፍ ካለው ወገን ነው። ማሽላዬ ሦስት ዓመት ሙሉ ዘለላ ሳያወጣ እየደረቀ አስቸገረኝ። መንግሥት በዘመቻ ያስቆፈረልን ኩሬ ጥቅምት ሳይገባ ባዶውን ይቀራል። የውሃ ሞተር ይመጣላችኋል ተብለን ተመዝግበን ነበር፣ እስካሁን የለም። ዝናቡም ጠልቶናል። ባለፈው ሐምሌ ደግሞ ጎርፉ የልጆቹን የትምህርት ቤት መንገድ ቆረጠብን። ምን ይሻለኛል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት። ስለ ኩሬውና ስለ ሞተሩ ነግረውኛል። ማሳዎ ምን ያህል ተዳፋት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚዘሩ ግን አልጻፉም። ደግነቱ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጓት የጎርፍ ወሬ ብዙ ነገር ነገረችኝ። ዝናብ ጠልቶናል ካሉ፣ መንገድ የሚቆርጥ ጎርፍ ከየት መጣ?

እንግዲህ ግምቴን ልንገርዎ። ዘሩም ተባዩም የራሳቸው ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል፣ እኔ ግን የምጠረጥረው ሌላ ነው። ዝናቡ ሐምሌ ላይ መጥቷል፤ ማሳዎ ላይም ወርዷል። አፈሩ ውስጥ ሳይሰርግ ግን ወጥቶ ሄደ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዝናቡ ቀጥ ሲል ማሽላው ዘለላ ሊያወጣ ሲል ነው፣ ውሃ በጣም የሚፈልግበት ሰዓት። ያኔ ሥሩ የሚጠጣው ሐምሌ ላይ የተጠራቀመውን እርጥበት ነበር። እሱ ደግሞ መንገድ ሲቆርጥ ከርሟል።

እስቲ እናስላው። የኩሬዎ አፍ 8 በ8፣ ወለሉ 4 በ4፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር ነው እንበል። ጢም ብሎ ሲሞላ 112 ሺህ ሊትር ገደማ ይይዛል። አሁን ደግሞ አንድ ጥማድ ማሳ ይውሰዱ፣ ሩብ ሄክታር ማለት ነው። አንድ ሌሊት 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ ጥማዱ ላይ 100 ሺህ ሊትር ውሃ ይወርዳል። በአንድ ሌሊት አንድ ኩሬ ውሃ ሊሄድብዎ ይችላል ማለት ነው።

ኩሬውን አልንቀውም። በ1995 ድርቅ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው የእርዳታ እጅ ሲጠብቅ፣ በማግስቱ በአማራም በትግራይም ኩሬ በዘመቻ ተቆፈረ። ሐሳቡ ደግ ነበር። ችግሩ የተቆጠረው የጉድጓዱ ብዛት እንጂ የያዘው ውሃ አለመሆኑ ነው። ፀሐይ ከኩሬ የምትወስደው በወር ከአንድ ስንዝር ብዙም አያልፍም። ከዚያ እጅግ የሚበልጥ የሚጎድል ከሆነ ኩሬው ያፈሳል። ከሥሩ የሚነጠፈው ፕላስቲክ እስኪመጣ ይቆይ። ሞተሩም ቢሆን ውሃ ከሌለ ምን ይስባል?

እርስዎ ዘንድሮ በእጅዎ የሚችሉት ሥራ ትልም ማሰር ነው። ወጪው ጉልበትና አካፋ ብቻ ነው።

ማሽላው ጉልበት ሲደርስ ሽልሻሎ፣ ማለትም በቆመው ማሽላ መሐል በበሬ የሚታረሰውን፣ ያካሂዱ የለ? ያንኑ ሽልሻሎ ተዳፋቱን አቋርጠው፣ አግድም ይሂዱ። ከበሬው ኋላ አንድ ሰው አካፋ ይዞ ይከተል። በየአራት እርምጃው ትልሙን በአፈር ዘግቶ በእግሩ ይርገጠው። ሲጨርሱ ማሳው የገበጣ ጉድጓድ የተደረደረበት ይመስላል። ያ ነው የምፈልገው። እያንዳንዱ ጉድጓድ የራሱን ዝናብ ይዞ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ትልሙን የሚዘጋው ማሰሪያ ከመደቡ፣ በትልምና በትልም መሐል ካለው የአፈር ክምር፣ ዝቅ ያለ ይሁን፣ ሁለት ሦስተኛው ያህል። ውሃው ሲበዛ በማሰሪያው ላይ አልፎ ወደ ጎን ይሂድ እንጂ መደቡን እንዳይሰብር። እኩል ካደረጓቸው አንዱ መደብ ይፈርሳል፣ የሱ ውሃ ታችኛውን ይንዳል፣ ጠዋት ሲነሱ ማሳው መሐል ለመሐል ተቀዶ ያገኙታል። ዝናብ በጣለ ማግስትም ወጥተው የተሸረሸረውን ይጠግኑ። አፈርዎ ውሃ የሚያቁር ዋልካ ከሆነ ግን ሁሉንም ትልም አይዝጉ፣ ማሽላው ቢጫ ይሆንብዎታል።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። እዚያው ቆቦ በተደረጉ ሙከራዎች የታሰረ ትልም የማሽላን ምርት አሳድጓል። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከልም ከማረሻ ጋር የሚገጠም ማሰሪያ ሠርቷል። ካላገኙት አካፋው ይበቃል።

አሁን ትንሽ ልቆጣዎት። በየሄድኩበት ቆላ የማየው ነገር ነው፤ ገበሬው ማሳውን በፈሰስ፣ ውሃ በሚያስወጣ ቦይ፣ ይሸነሽናል። ቁልቁል፣ ቀጥ ያለ ፈሰስ። ለምን ሲባል «አባቶቻችን እንዲህ ነው የሚያርሱት»። አባቶቻችን ፈሰስ የሚያወጡት ደጋ ላይ ነው፣ ገብሱን ውሃ ሲያበሰብሰው። እናንተ ዘንድ ውሃ የሚያሸኘው ምንድን ነው? የተጠማን ሰው ጎረቤት ቤት ሂድ እንደማለት ነው እኮ። የእርስዎ ማሳ ላይም አለ ብዬ እወራረዳለሁ። ዘንድሮ ይድፈኑት።

ከማሳው በላይ የሚመጣውን ጎርፍ ግን ትልም ብቻውን አይችለውም። እዚህ ላይ መንግሥትን መጠየቅ ያለብዎት ነገር አለ። ሴፍቲኔት፣ ሰው ሠርቶ እህል ወይም ገንዘብ የሚያገኝበት ፕሮግራም፣ በ1997 ከተጀመረ ጀምሮ ሰው በበጋው እርከን ሲሠራ ኖሯል። የቀበሌው የሥራ ዕቅድ ሲወጣ «ከእኔ ማሳ በላይ ያለው ገደል እርከን ይሠራበት» ብለው ያስመዝግቡ። ሞተር ከመጠበቅ ይህ ይቀርባል። ጎረቤቶችዎን ይዘው ቢሄዱ ደግሞ ይሰሙዎታል፣ የሁሉም ልጆች የሚሄዱበት መንገድ ስለሆነ።

ዘሩን በተመለከተ፣ በልግ ከቀረ የሚያዝያውን ረጅም ማሽላ ሐምሌ ላይ አይዝሩ። «መልካም» እንደተባለው የማሽላ ዝርያ ያለ ፈጥኖ የሚደርስ ዘር ይጠይቁ።

ለዘንድሮ የአንድ ጥማድ ትልም ብቻ ይዝጉ። ጎኑ ያለውን እንደ ልማድዎ ይተዉት። ጳጉሜን ላይ ሁለቱም ቦታ አንድ ክንድ ቆፍረው ከሥሩ አፈር ይዝገኑና ይጨብጡት። የትኛው እንደ ሊጥ እንደተያያዘ፣ የትኛው በጣትዎ መሐል እንደተበተነ ይጻፉልኝ።