ሮከር አርሙ ሳይቀየር ሞተሩ ተገጠመ፤ ኪሳራው የማን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። አንዲት አይሱዙ ኤንፒአር የጭነት መኪና አለችኝ፤ የቤቴ እንጀራ እሷ ናት። ጭስ አብዝታ ዘይት መብላት ስትጀምር ጋራዥ አስገባኋትና ሞተሩ እንዲታደስ ተስማማን። የእጅ ዋጋ 90,000 ብር፣ መለዋወጫ በእኔ። ዋናው መካኒክ የሚገዛውን በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። ሶማሌ ተራ ወርጄ የተጻፈውን ሁሉ ገዛሁ፤ ፒስተን፣ ፋሻ፣ ብሮንዚና፣ ጓርኒሲዮን፣ ካምሻፍት (ሮከሮቹን እየገፋ የሚዞረው ዘንግ) ሳይቀር። ሮከር አርም (የሞተሩን ቫልቭ ገፍቶ የሚከፍተው ክንድ) ግን ወረቀቱ ላይ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ «ገንዘብ አጥሮኛል፣ የግድ ያልሆነውን ተወው» ብዬዋለሁ። መኪናዋ በወጣች በሁለተኛው ወር ሞተሩ ከላይ በኩል ጠቅ ጠቅ ማለት ጀመረ። ሦስት ሳምንት ያህል እንዲሁ ሠራሁባት። ሲከፈት አንዱ ሮከር አርም ፊቱ ተልጦ አዲሱን ካምሻፍት በልቶታል። ጋራዡ «ቀይር ብለንህ እምቢ ያልከው አንተ ነህ» ይላል። ማንም አላለኝም። አሁን ደግሞ ለድጋሚ ሥራ 35,000 ብር ካልከፈልክ መኪናዋ አትወጣም ብለውኛል። ሕጉ ምን ይላል? ስምንቱንም ሮከር ልቀይር ወይስ የተበላውን ብቻ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲልክልኝ የሚጎዳውን ነገር ዋጥ አድርጎ ነው። እርስዎ ግን ሁለቱንም ራስዎ ነገሩኝ፤ «የግድ ያልሆነውን ተወው» ማለትዎንና ድምፁን እየሰሙ ሦስት ሳምንት መንዳትዎን። የመጀመሪያው የሚመስለውን ያህል አይጎዳዎትም። ሁለተኛው ግን ይጎዳዎታል። ሁለቱንም እመጣባቸዋለሁ።

የጽሑፍ ውል የለኝም ብለው ከተጨነቁ ይተዉት። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንዲህ ላለ ሥራ ጽሑፍን ግዴታ አያደርግም። በቃል ተስማምታችኋል፣ ሥራው ተሠርቷል፣ ገንዘቡ ተከፍሏል። ውል አለ። በአግባቡ የተቋቋመ ውል ደግሞ ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ ነው፤ አንቀጽ 1731 የሚለው ይህንኑ ነው።

ዋናው ጥያቄ ጋራዡ ቃል የገባው ምን ነበር የሚለው ነው። ሕጉ በአንቀጽ 2610 አንዱ ወገን በራሱ ኃላፊነት አንድ የተወሰነ ውጤት ሊያስገኝ፣ ሌላው ደግሞ ዋጋውን ሊከፍል የሚስማሙበትን ውል ይደነግጋል። የእርስዎ ውል ይኸው ነው። «ውጤት» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። እኔ ጠበቃ ነኝ፤ ደንበኛዬን በርትቼ እከራከርልሃለሁ እለዋለሁ እንጂ አሸንፍልሃለሁ አልለውም። ሐኪምም እንዲሁ ነው። ሞተር የሚያድስ ጋራዥ ግን «ሞክሬ ነበር» ብሎ አይወጣም። የተስማማው የታደሰ፣ የሚሠራ ሞተር ሊያስረክብ ነው።

የጋራዡ ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነሳው «ዕቃውን የገዛው ራሱ ነው» የሚለውን ነው። ይህ ክርክር በሌላ ጉዳይ ላይ ጉልበት አለው። ለምሳሌ የገዙት ፒስተን ተመሳስሎ የተሠራ ሆኖ ቢሰነጠቅ፣ ጠቡ ከሻጩ ጋር ይሆን ነበር። እዚህ ግን ተበላሸ የተባለው ሮከር አርም እርስዎ ከሱቅ ያመጡት አይደለም። ጋራዡ ከሞተሩ ላይ ፈትቶ፣ አይቶ፣ መልሶ የገጠመው አሮጌ ዕቃ ነው። መልሶ መግጠሙ በራሱ «ይህ ይሠራል» የሚል የባለሙያ ቃል ነው።

አሁን ወደዚያች ዓረፍተ ነገር ልምጣ። «የግድ ያልሆነውን ተወው» ሲሉ ምን አሉ? «ሮከር አትቀይር» አላሉም። የግድ የሆነውንና ያልሆነውን ለይተህ የግድ ያልሆነውን ተወው ነው ያሉት። መለየቱን ለመካኒኩ ሰጡት፤ እሱም ለይቶ ጻፈልዎ። ካምሻፍት ይግዛ አለ፣ ሮከር ግን አላለም። ገንዘብ የሚያወጣው ባለንብረቱ ነውና ልቀይር ወይስ ልተወው የሚለው ውሳኔ የባለንብረቱ ነው። ያን ውሳኔ ለመወሰን የሚያስፈልገው እውቀት ግን ያለው ሞተሩን በከፈተው እጅ ነው። የሮከር ፊት ተቦርቡሮ እንደሆነ እርስዎ በምን ያውቃሉ? ሕጉ ውል በቅን ልቦና ይተረጎማል ይላል፤ አንቀጽ 1732። እኔ በዚህ ክርክር ብቆም ዋናው ምሰሶዬ ይህ ነው።

ጋራዡ በእርግጥ ነግሮዎት ቢሆንስ? «ሮከሩ ተበልቷል፣ ካልቀየርከው አዲሱን ካምሻፍት ይጨርስብሃል» ብሎዎት «ግድ የለም ግጠመው» ብለው ከሆነ፣ ነገሩ ይገለበጣል። ያኔ አደጋውን አውቀው የወሰዱት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ሙግቱ በሙሉ የሚንጠለጠለው ተነግሮዎታል ወይስ አልተነገረዎትም በሚለው ላይ ነው። ደስ የሚለው፣ የማስረዳት ሸክሙ የሚያደላው ለእርስዎ ነው። ግዴታ አለብህ የሚል ሰው ግዴታው መኖሩን ያስረዳል፤ ግዴታዬ ቀርቷል ወይም ተለውጧል የሚል ደግሞ እሱ ያስረዳል። አንቀጽ 2001 ነው። እርስዎ ውሉንና ክፍያውን ያሳያሉ። «ነግረነው እምቢ አለ» የሚለውን የሚያስረዳው ጋራዡ ነው።

ያ መካኒኩ በእጁ የጻፈው ወረቀት አለ አይደል? ከሊብሬዎ እኩል ያስቀምጡት። እንዲህ ያሉ ወረቀቶችን አይቻለሁ። የሲጋራ ፓኬት ጀርባ ላይ የተጻፈም ገጥሞኛል፣ ዘይት የነካው፣ ግማሹ የተቀደደ። ለዳኛ ግን ወርቅ ነው። ሮከር አርም ዝርዝሩ ላይ አለመኖሩ ከሦስት ምስክር ይበልጣል። የቴሌግራም መልእክት ካለ፣ የድምፅ መልእክትም ቢሆን፣ እንዳይጠፋ ያድርጉ። የሶማሌ ተራዎቹን ደረሰኞች ቀኑን ተከትለው ይደርድሯቸው። ደረሰኝ ያልተቀበሉባቸው ካሉ (አይ አበሻ! እንደሚኖሩ እገምታለሁ) ቢያንስ የባንክ ወይም የቴሌብር ዝውውሩን ያውጡ።

ስምንቱን ልቀይር ወይ ላሉት፣ ይህ የሕግ ጥያቄ አይመስልም፤ ግን ነው። በእንዲህ ዓይነት ጉዳዮች ከመካኒኮች ጋር ብዙ ተቀምጫለሁና የተማርኩትን ልንገርዎ። ሮከር አርም ሞተር በታደሰ ቁጥር የግድ የሚቀየር ዕቃ አይደለም። ይታጠባል፣ ይታያል፣ ይለካል። ካምሻፍቱ የሚነካው ፊት ለስላሳ ከሆነና ጥፍር ሲሄድበት የሚይዘው ነገር ከሌለ፣ ሮከሩን ከተሸከመው ዘንግ ጋር ያለው ክፍተት ከፋብሪካው ልክ ካላለፈ፣ የዘይት ቀዳዳው ካልተደፈነ ተመልሶ ይገጠማል። በፊት በነበረበት ቦታ ላይ ነው የሚገጠመው፤ ጠንቃቃ መካኒክ ሲፈታ በተራ ቁጥር አስሮ ያስቀምጣቸዋል እንጂ አንድ ሳህን ውስጥ አይደባልቃቸውም። ፊቱ ከተቦረቦረ ወይም ከተላጠ ግን ይጣላል። በተለይ ካምሻፍቱ አዲስ ሲሆን አሮጌና የተበላ ሮከር በላዩ መግጠም አዲስ ጫማ በእሾህ ላይ እንደመርገጥ ነው። የቫልቭ ክፍተቱ በትክክል አለመስተካከሉ ወይም ዘይት ወደ ላይ በደንብ አለመድረሱም ይኼንኑ ጉዳት ያመጣል። ሁለቱም ደግሞ የገጣሚው ሥራ ናቸው።

ከዚህ ተነስቼ የምመክርዎ፣ ስምንቱንም ይቀየር ብለው ራስዎ አይወስኑ። ሌላ ባለሙያ እያንዳንዱን ለክቶ ይጻፍልዎ፤ አንደኛው ይህን ያህል፣ ሁለተኛው ይህን ያህል እያለ። ሦስቱ ከልክ አልፈዋል ካለ የሦስቱን ዋጋ ከነካምሻፍቱ ይጠይቃሉ። ሳይለካ ስምንቱን ቀይረው ቢመጡ ጋራዡ «አምስቱ ደህና ነበሩ፣ በእኔ ገንዘብ መኪናውን አሳደሰ» ይልዎታል፤ ዳኛውም ሊሰማው ይችላል። ባለሙያው ሌላም ነገር መመለስ አለበት፦ ሮከሩ ነው ካምሻፍቱን የበላው ወይስ ካምሻፍቱ ሮከሩን? ካምሻፍቱ ራሱ ብረቱ ደካማ ሆኖ ከተገኘ ተከሳሽ የሚሆነው ሻጩ ነው። እሱን ሳያጣሩ ክስ አይክፈቱ።

ስለ ሦስቱ ሳምንታት ግን ልሸነግልዎ አልችልም። አንቀጽ 1802 የተጎዳው ወገን ጉዳቱ እንዳይሰፋ ማድረግ የሚገባውን እንዲያደርግ ይጠብቅበታል። ሞተር ጠቅ ጠቅ ሲል ማጥፋትና መደወል ከባድ ነገር አይደለም። ጋራዡ «በመጀመሪያው ቀን ቢመጣ አንድ ሮከር ብቻ ነበር የሚጠፋው» ብሎ ቢከራከር ከካሳው ላይ ሊቀነስብዎት ይችላል። በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ደውለው «ድምፅ አለው» ብለዋቸው «ይለምዳል፣ ንዳው» ብለውዎት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የጥሪ ዝርዝሩን ከቴሌ ያውጡ።

መኪናዋን ይዘናል ስለማለታቸው፣ በዚህ ላይ ጋራዦች ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። የተስማማችሁበትን ዋጋ ሳይከፍሉ ቀርተው ቢሆን፣ «ክፈልና ውሰድ» ማለት ያስኬዳቸው ነበር። እርስዎ ግን 90,000ውን ከፍለው ጨርሰዋል። የ35,000ውን ሥራ አላዘዙም፣ ዋጋውንም አልተስማሙም። ያልተዋዋሉበት ሥራ ዕዳ አይሆንም። ሆኖም በር ላይ ሄደው አይጣሉ፤ ዘበኛውን ገፍቶ መኪና ማስነሳት ከባለመብትነት ወደ ተከሳሽነት ያሻግራል። ደረሰኙ ላይ «ባለንብረቱ ለሚያመጣው ዕቃ ዋስትና የለንም» የሚል ማኅተም ካለም አያስደንግጥዎ። አንዱ ወገን አስቀድሞ ያዘጋጀው ቃል አጠራጣሪ ሲሆን የሚተረጎመው ለሌላው ወገን ነው (1738)። ደግሞም ሮከሩን ያመጡት እርስዎ አይደሉም።

አንዳንድ ጓደኛዎ «ለሸማቾች ጥበቃ አመልክት» ይልዎት ይሆናል። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማች በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣል፤ አገልግሎቱ ጉድለት ካለበት በ15 ቀን ውስጥ በነፃ እንዲደገምለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት እንዲጠይቅም ይፈቅዳል። የእርስዎ 15 ቀን አልፏል። ከዚያም በላይ አዋጁ ሸማች የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ነው፤ መኪናዋ ጭነት ጭና ገንዘብ የምታመጣ ስለሆነች «ነጋዴ ነው እንጂ ሸማች አይደለም» መባሉ አይቀርም። ጊዜዎን እዚያ አያባክኑ። የፍትሐ ብሔሩ መንገድ ይበቃዎታል፤ ይርጋውም (ክስ የማቅረቢያው የጊዜ ገደብ) ለውል ክስ 10 ዓመት ነው።

ከክስ በፊት ማስጠንቀቂያ ይላካል። አንቀጽ 1772 ይህንን ይጠይቃል፤ ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። ረጅም አያድርጉት። «በዚህ ቀን በ90,000 ብር ሞተር ልታድሱልኝ ተዋውለን ከፍያለሁ። መልሳችሁ የገጠማችሁት ሮከር አርም ተልጦ ካምሻፍቱን አበላሽቷል። ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ10 ቀን ውስጥ ያለ ተጨማሪ የእጅ ዋጋ እንድታስተካክሉ፣ የተበላሸውን ዕቃ እንድትተኩ፣ አለበለዚያም መኪናዬን እንድታስረክቡኝ እጠይቃለሁ።» ሁለት ቅጂ ያድርጉ፤ አንዱ ላይ ተቀብያለሁ ብለው ይፈርሙ። እምቢ ካሉ በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ይላኩት።

አሥሩ ቀን ካለፈ በአንቀጽ 1771 መሠረት ውሉ እንዲፈጸም ወይም እንዲሰረዝ፣ በዚያም ላይ ካሳ መጠየቅ ይችላሉ። ሥራውን በሌላ ጋራዥ አሠርተው ወጪውን ከዚህኛው እንዲያስመልሱ ፍርድ ቤት ሊፈቅድልዎም ይችላል (1777)። አዲስ አበባ ላይ ክሱ የሚቀርበው ለፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 እስከ 10 ሚሊዮን ብር ያለውን ጉዳይ ይመለከታል። እዚያው ፍርድ ቤት የአስማሚነት አገልግሎት አለ። እኔ ብሆን እሱን እሞክራለሁ። ለ35,000 ብርና ለአንድ ካምሻፍት ዓመት ቀጠሮ መመላለስ ለማንም አይበጅም፤ ጋራዡም የሚያውቀው ነው።

መኪናዋ ስለቆመችበት ጊዜ የጠፋብዎት ገቢ ይጠየቃል። ግን «በቀን 5,000 አገኝ ነበር» ማለት ብቻውን አይበቃም። የጭነት ማዘዣ፣ ከደንበኛ ጋር ያለ ውል፣ ለገቢዎች ያስታወቁት ገቢ ያስፈልጋል። ለግብር 200 ብር በቀን ብለው ለፍርድ ቤት 5,000 ካሉ ሌላ ጣጣ ይከፈትብዎታል።

ከሁሉ በፊት ግን ነገ ጠዋት ጋራዡ ይሂዱና የተፈታው ሮከር አርምና የተበላው ካምሻፍት የት እንዳሉ ይጠይቁ። ፎቶ ያንሱ፤ ከተቻለ በሁለት ሰው ፊት ቁጥር አስለጥፈው በፌስታል ያስቋጥሯቸው። ጋራዥ ውስጥ አሮጌ ብረት ብዙ አይቆይም፤ ቆራሌው ከቀደመዎት ባለሙያው የሚለካው ነገር አይኖርም።